ቀይ ነገር ሁሉ ደም አይሆንም

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ቢመጣም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይደክመዋል። ስለዚህ እኛ ብሎክ ላይ ጤና የሚለካው በጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትሩን ይዞ ሳያርፍ አራተኛ የደረሰ ጤነኛ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ሑዳዴ ሊፈታ ሲል ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልቤ ድው ድው ይላል። ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ቤት የተከፈተ ነው የሚመስለው።

ጾሙ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ ነው አልኩ። እዚህ እየኖረ መሃል ከተማ የሚሠራ ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፤ ለድካሙ ምክንያት አያጣም። ነቃ ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። በረዶ መቆርጠም ጀመርኩ። ከፍሪዘሩ ግድግዳ በማንኪያ እየፈለቀቅኩ። እሱ ሲያልቅ ጥሬ ሩዝ። እህቴ አይታኝ «አንቺ፣ እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አለች። አልነበርኩም። በኋላ እንደተረዳሁት በረዶ፣ አፈር፣ ጥሬ እህል ማማር በሰውነት ውስጥ ብረት ሲያልቅ ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ተመረመርኩ። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ 9.4። እርጉዝ ላልሆነች አዋቂ ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። ያውም 12 ከባህር ወለል ብዙም ከፍ ሳይል ለሚኖር ሰው ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል ይሠራል። እንደኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው መለኪያውም አብሮ ከፍ ይላል። የኔ 9.4 ወረቀቱ ላይ ከሚታየው ትንሽ ይብሳል ማለት ነው።

ሐኪሙ የብረት ክኒን ጻፈልኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እሱም አላብራራ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

እኛ ብሎክ ላይ «ደም አነሳት» ከተባለ ሐኪም ያልሆነ ሰው አይገኝም። ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ በዚያው ቀን ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ክኒኑ ሆድሽን ያቃጥልሻል። ቀይ ስር ቀቅለሽ ውሃውን ጠጪ። እስኪ እየው፣ ደም አይመስልም?» አሉኝ። ይመስላል! አንዷ ማልት አለች፤ አንዷ ቴምር። የሥራ ባልደረባዬ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ዱቄት አመጣችልኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ማስቲካ የሚመስል ጣፋጭ ቫይታሚን ላከችልኝ። የሰው ፍቅር እንዲህ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ሁሉንም ወሰድኩ።

ቀይ ስሩን አንድ ወር ሙሉ ጠጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሽንቴ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ክው አልኩ። ደም ነው ብዬ ለማልቀስ ስዘጋጅ ለካ ቀለሙ ነው። ቀይ ስርን የሚያቀላው ቤታላይን የሚባል ቀለም ነው፤ ከብረትም ከደምም ጋር ዝምድና የለውም። የሚገርመው ግን ይህ የሽንት መቅላት ብረት የጎደለው ሰው ላይ በብዛት ይታያል። ቀይ ስሩ ደም አልተካልኝም፤ ደም እንደጎደለኝ አሳበቀብኝ እንጂ።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። 100 ግራም ቀይ ስር ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም አይሞላም። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን እንድታገኘው የሚመከረው ወደ 18 ሚሊግራም ነው። ብረቱን በቀይ ስር ብቻ ልሙላ ብትይ በየቀኑ ሁለት ኪሎ ያህል ልትቀቅዪ ነው። ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለው፤ ጥሩ አትክልት ነው። ሰላጣውን አሁንም እወደዋለሁ። ግን በመልኩ ነው የተሾመው።

ማልቱም በመልኩ ነው የተሾመው። ጠርሙሱን አዙሬ ሳነብ ብረት የሚል ቃል የለም፤ ስኳር ግን በደንብ አለ። ሽፈራው ላይ ያለው ወሬ ትንሽ ረቀቅ ይላል። «ከቆስጣ ይህን ያህል እጥፍ ብረት አለው» የሚሉት ደርቆ የተፈጨውን ቅጠል ከእርጥብ ቆስጣ ጋር እያወዳደሩ ነው። ቆስጣውም ቢደርቅ ውሃው ወጥቶ ብረቱ ይበዛል። ደግሞስ ሽፈራውን የሚበላው በሻይ ማንኪያ፣ ቆስጣውን በሳህን አይደል?

የአክስቴን ቫይታሚን ነገር ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በቀን ሁለት እያኘክኩ፣ ብልቃጡ ላይ ያለውን ዝርዝር ያነበብኩት ሊያልቅ ሲል ነው። ቫይታሚን ሲ አለ፣ ዲ አለ፣ ቢ12 አለ። ብረት የለም። ለካ እንዲህ ዓይነት የሚታኘኩ ቫይታሚኖች ብዙዎቹ ብረት የላቸውም። «የውጭ ነው» ሲባል ሁሉም ነገር ያለበት ይመስለናል።

ክኒኑንስ? እሱን ምሳ በልቼ፣ በቡና አወራርጄው ነበር የምውጠው። ሆዴ ደረቀ፤ ሰገራዬ ጠቆረ፤ ፈራሁና በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። ሰገራ በብረት ክኒን መጥቆሩ የተለመደ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ 9.6 መጣ። ይህ ሁሉ ድካም ለ0.2! አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። ውጤቴን አየችና ስለ ምግቤ ከመጠየቋ በፊት፣ «የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል?» አለችኝ። ስምንት ቀን፤ ሦስቱ በጣም ከባድ። ለኔ የተለመደ ስለሆነ ሰው የሚጠይቀው ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር። «ታዲያ ጀሪካኑ ቀዳዳ ነው እኮ፤ ምን ብትቀጂበት ይሞላል?» አለች። የት እንደምኖር ሳልነግራት ጀሪካን ማለቷ አሳቀኝ። ለሱም ለብቻው ሕክምና ጀመረችልኝ። ወንድ ወይም የወር አበባ ያቆመች ሴት ደም ካነሰው ደግሞ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚደማ ነገር እንዳለ መፈለግ ግድ ነው አለችኝ።

ፌሪቲን የሚባል ምርመራም አዘዘች። ሄሞግሎቢን ሌማት ላይ ያለው እንጀራ ከሆነ ፌሪቲን የብረት ጎተራውን ያሳያል። ለአዋቂ ሰው ከ15 በታች ጎተራው ባዶ ነው። የኔ 6 ነበር።

«ግን እኮ ጤፍ ነው የምበላው፤ ጤፍ ብረት አለው ይባላል» አልኳት። አለው። ግን ጤፍ የሚወቃው አውድማ ላይ፣ በከብት እግር እየተረገጠ ነው። ፍሬው ደግሞ ደቃቅ ነው፤ አፈሩ አብሮት ይሄዳል። ላብራቶሪ ውስጥ ከሚለካው ብረት ጥቂት የማይባለው የአፈር ብረት ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። የራሱ የጤፉም ብረት ቢሆን ፋይቴት በሚባል ነገር ተጠፍሮ ነው የሚገባው። ደግነቱ እርሾ አለን። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በቆልትም እንደዚያው ነው፤ ባቄላው ሲበቅል እስሩ ይላላል። እናቶቻችን ይህን የሠሩት ለብረት ብለው አይደለም፤ ግን ሠርተውታል።

ከዚያ ስለ ቡና ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት።

እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች ሃምበርገር በሉ፤ ከዚያ አብሮ የተጠጣው መጠጥ ብረቱን ምን እንዳደረገው ተለካ። አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ ቀነሰው። ሻይ በ64 በመቶ። ቡናው ምግቡ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ ያው ነበር። ምግቡ ከመበላቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። እኛ የምናደርገው ደግሞ በትክክል ተቃራኒውን ነው። ምሳ ይነሳል፣ ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ አቦል የሚቀዳው ከበላን ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ቶና፣ ከዚያ በረካ። ሽሮዬ ውስጥ የነበረችውን ጥቂት ብረት፣ ክኒኑንም ጭምር፣ በሦስት ስኒ እየሸኘሁ ኖሬያለሁ።

የሥጋ ብረት በቡና እንደ እህሉ አይጠቃም፤ በተሻለ ሁኔታም ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ጾም ሲፈታ ዱለት በዛ አደረግኩ፤ ጉበቱ ለዚህ የሚሆን ነው። ጥሬ ጉበት የበለጠ ደም ይሰጣል የሚለውን ግን እርሱት፤ ብረቱ እሳት አይፈራም። በጾም ወቅት ያዳነኝ ቃሪያ ነው። ቫይታሚን ሲ የእህልንና የአትክልትን ብረት ለሰውነት ያቀልለታል። ጥሬ ቃሪያ ደግሞ በክብደት ከብርቱካን በአራት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ አለው። ስለዚህ ምስር ወጡ ላይ ሎሚ፣ አጠገቡ ቃሪያ ከቲማቲም ጋር፣ ሳይበስል። የብርቱካኑን ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ክኒኑን እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህኛው ዙር ግን አንድ ቀን እየዘለልኩ። እኔማ ስንፍና የተፈቀደልኝ መሰለኝ። ሐኪሟ እንዳለችው ብረት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያወጣል፤ እሱ ለአንድ ቀን ያህል በሩን ይዘጋዋል። በማግስቱ የሚዋጠው ክኒን ዘበኛ ቆሞበት ነው የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ብረት ያነሳቸውን ሴቶች አይቶ፣ በየቀኑ ከወሰዱት ክኒን ብረት 16 በመቶ ሲገባ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ 22 በመቶ ገደማ እንደሚገባ ለክቷል። የሆድ ድርቀቴም ቀለል አለ። ጠዋት 12 ሰዓት በባዶ ሆድ፣ በሎሚ ውሃ እውጣለሁ፤ ቡና እስከ 4 ሰዓት የለም። የናንተ ሐኪም በየቀኑ ካለ ግን ከኔ ጽሑፍ በፊት እሱን ስሙ።

ወንድሜ «እኔም ድክም ይለኛል፤ እስኪ ከክኒንሽ» ብሎኝ ነበር። ከለከልኩት። ሰውነት የተረፈውን ብረት ማስወጫ መንገድ የለውም፤ ሳይመረመሩ የሚጨምሩት ነገር አይደለም። ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ከፍ አድርጎ መቆለፍ ነው፤ ለሕፃን ብዙ የብረት ክኒን መርዝ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ 10.8። በሦስተኛው ወር 12.9። በረዶው የተወኝ ግን ከሁሉ ቀድሞ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ፍሪዘሩን ከፍቼ ምንም አላለኝም። ክኒኑን ከዚያ በኋላም ሦስት ወር ቀጠልኩ፤ ሌማቱ ሞላ እንጂ ጎተራው ገና ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ እማማን ማሳመን ነው። እሁድ እሁድ ቡና እሳቸው ጋ ነው። «ከምሳ በፊት እንጠጣ» ስላቸው ጀበናውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«በባዶ ሆድ? ቡና ያለ እህል?»

«ቆሎ አለ እኮ እማማ።»

«ሐኪሟ ናት እንዲህ ያለችሽ?»

«አዎ።»

«ቡና ጠልታ ነው» አሉ።

አሁን እሁድ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው የሚያፈሉት። ምሳ 6 ተኩል። ቀይ ስሩንም አልተዉም፤ እየቀቀሉ በሳህን ይልኩልኛል፤ በሎሚና በቃሪያ እበላዋለሁ። ባለፈው እሁድ ጀሪካኔን ይዤ በደጃፋቸው ሳልፍ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳላርፍ ስወጣ አይተው ከታች ጮኹ፦

«አላልኩሽም? ቀይ ስሩ ነው!»