ነጭ የማንጎ ስኬል፦ ከመርጫው በፊት መጋዙ

የማንጎው ቅጠል ላይ ኖራ የተረጨ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ነጩ ሽፋን ተነሥቶ ከሥሩ ትንሽ ነፍሳት ከተገኘች ነጭ የማንጎ ስኬል ነው። ሴቷ ክብና ጠፍጣፋ ናት፤ ስፋቷ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ወንዶቹ ረዘም ብለው ሽፋናቸው ላይ ሦስት ሸንተረር አላቸው፤ ተጠጋግተው ስለሚሰፍሩ ከሩቅ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ቅጠሉ የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ጥላሸት ከለበሰ ግን ሌላ ተባይ ፈልጉ፤ ይህኛው ጣፋጭ ፈሳሽ አያወጣም።

አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ ላይ ነው። መራመድ የሚችለው ገና የተፈለፈለው ጨቅላ ነው፤ ሴቷ አንዴ ከተጣበቀች አትንቀሳቀስም። ነፋስ ከዛፍ ዛፍ ያደርሰዋል። ከወረዳ ወረዳ የሚያሻግረው ግን ሰው ነው፤ በችግኝ፣ በፍሬ፣ ሣጥን ውስጥ በሚነጠፍ የማንጎ ቅጠል። ቅጠል ማንጠፉን መተው ምንም አያስወጣም፣ ግን ማን ይሰማል!

መርጨት ለምን አልሠራ ይላል? ከዘር የበቀለ አሮጌ ማንጎ ከ10 ሜትር በላይ ይወጣል፤ የጀርባ መርጫ የሚደርሰው የታችኛውን ቅርንጫፍ ነው። ላይ የቀረው ተመልሶ ታቹን ይሞላዋል። ብዙ ዓይነት ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት ደግሞ ሽፋኑ ሥር ያለውን በደንብ ሳይነካ ስኬሉን የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ይፈጃል። ስለዚህ ሥራው በመጋዝ ይጀምር።

ፍሬው እንደተለቀመ ግረዙ። መጀመሪያ የደረቀውንና እርስ በርሱ የተጠላለፈውን፣ ቀጥሎ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ የወጣውን ቅርንጫፍ አውጡ፤ ብርሃንና አየር ውስጥ ድረስ ይግባ። በጣም የረዘመውን በአንድ ዓመት ከመጎንደል ከፋፍሎ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ የተጎነደለ ዛፍ ዓመታት ያለ ፍሬ ይቆያል። ድንገት ለፀሐይ የተጋለጠው ግንድ ቅርፊቱ እንዳይቃጠል ኖራ ይቀባ። የተቆረጠውን እዚያው ዛፍ ሥር አትከምሩ፤ ሽፋኑ ሥር ያለው እንቁላል ሊፈለፈል ስለሚችል አቃጥሉት ወይም ቅበሩት።

ከዚያ በኋላ ለፍራፍሬ ዛፍ የተዘጋጀ የማዕድን ዘይት ይረጫል፤ የምግብ ዘይትም የሞተር ዘይትም አይተካውም። መለያው ላይ ሌላ መጠን ካልተጻፈ 1 በመቶ፣ ማለትም ለ16 ሊትር መርጫ 160 ሚሊ ሊትር። ዘይቱ የሚገድለው አፍኖ ስለሆነ ያልነካው ይተርፋል፤ የቅጠሉ ሁለቱም ገጽ እስኪንጠባጠብ ይራስ። ውሃና ዘይት ስለሚለያዩ መርጫውን ደጋግማችሁ አናውጡ። ቀትር ላይ፣ ዛፉ ውሃ ሲጠማው ወይም ሲያብብ አትርጩ፤ ከሰልፈር ጋር ከተገናኘ ደግሞ ቅጠል ያቃጥላል። ዘይቱ አልፎት የተፈለፈለውን ለመያዝ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ይደገማል።

ነጩ ነገር ስላልረገፈ ብቻ «አልሠራም» ብላችሁ መድኃኒት አትቀይሩ፤ የሞተው ሽፋን ተጣብቆ ይቆያል። ከሳምንት በኋላ ጥቂት ቅጠል ቆርጣችሁ ሴቶቹን በመርፌ ግለጡ፦ ስትጫን ፈሳሽ የምታወጣው ሕያው ናት፣ ደርቃ የምትፈረፈረው ሞታለች። ፍሬው ላይ የወጣው ሮዝ ነጠብጣብ ግን በምንም አይጠፋም፤ ውስጡ ለመብላት ደኅና ቢሆንም የገበያ ዋጋው ወርዷል።