ጥር 23 የሚታየው ፈረስ ሐምሌ ላይ ነው የሚገራው

የአገው ፈረሰኞችን በዓል በቴሌቪዥን አይቶ ፈረስ መጋለብ ያላማረው ሰው አላውቅም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን በሽምጥ ሲያቋርጡት፣ ጉግስና ሽርጥ የሚባሉት የፈረስ ጨዋታዎች ሲደሩ፣ ማንም ቢሆን «እኔስ?» ይላል። ባሕር ዳር ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የኖርኩት እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ፈረስ ለመልመድ ግን ከበዓል የከፋ ጊዜ የለም። ጫጫታው፣ አቧራው፣ የሌሎቹ ፈረሶች ማሽካካት አንድ ላይ ሆነው የለመደውንም ያስበረግጋሉ።

እኔን ያስጀመሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ያውም በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲበረታ። እንጅባራ አካባቢ ክረምት ማለት ጭቃ፣ ጉምና ብርድ ነው። ተመልካች የለም፣ ጥድፊያም የለም። ኮርቻው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ክረምቱ አለፈ።

የመጀመሪያው ትምህርት አቀራረብ ነበር። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የሚሰወረው በቀጥታ ከኋላው ያለውና ከአፍንጫው ሥር ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመጡት በትከሻው በኩል ነው፣ ያውም እየተናገሩ። ምንም ቢነገር ለውጥ አያመጣም። አጎቴ በአገውኛ ስለ ድንች ዋጋ ያወሩለታል። ጆሮው ወደ እሳቸው ሲዞር ይጠጋሉ፤ ወደ ኋላ ሲለጠፍ ባሉበት ይቆማሉ።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። ከተማ ያደገ ሰው ፈረስ ሲያይ እጁን የሚሰድደው ወደ ፊቱ ነው። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት ግን ጋማው አልቆ ትከሻው በሚጀምርበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ በጣቶቼ ጫፍ ጠንከር አድርጌ ሳክለት ቦራ አንገቱን ያረዝማል፣ ዓይኑ በግማሽ ይከደናል፣ የላይኛው ከንፈሩ ሾል ብሎ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ዞሮ በዚያው ከንፈሩ የጃኬቴን ትከሻ ያክልኝ ጀመር። ብድሩን መመለሱ ነበር። እኔ በደስታ ደርቄ ስቀር አጎቴ «ጥርሱን ሳይጨምር ፈቀቅ በል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ሥራዬ ኮቴ ሆነ። ጭቃ ውስጥ የሚውል ኮቴ ይለሰልሳል፣ ጠጠር ይሰነቀርበታል፣ ችላ ከተባለም ይበሰብሳል። እጄን ከትከሻው ጀምሬ ወደ ታች አወርዳለሁ፤ ክብደቱን ወደ ሌላው እግሩ እስኪያዞር እጠብቃለሁ፤ ሲያዞር አነሣለሁ። ጭቃውን ከተረከዙ ወደ ፊት እየጠረግሁ አወጣለሁ፤ መሐል ያለችውን ለስላሳ ባለ ሦስት ማዕዘን ሥጋ እንዳልወጋ እጠነቀቃለሁ። ከዚያ አሸታለሁ። አዎ፣ አሸታለሁ፤ መበስበስን ከዓይን ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ፈረስ ሲፈራ መጀመሪያ የሚያስበው መሮጥን ነው። አንድ እግሩን ለሰው አስረክቦ በሦስቱ የሚቆመው ካመነ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ካመነ ደግሞ ኮርቻው ብዙም አያስጨንቀውም።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ሣር በብዛት፣ ገብስ በልክ። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ የእህል ጎተራ ተከፍቶለት ያደረ ፈረስ በሆድ ቁርጠት ሊሞት ይችላል።

አለንጋ በቤቱ እንደሌለ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። አጎቴ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ፈረሶች በዓድዋ ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ስለ አለንጋው ስጠይቃቸው «ውለታ የዋለልህን ትገርፋለህ?» ብለው መለሱልኝ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረትም አይወዱትም። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እያለ ሰውን በፈረሱ ስም የጠራ አገር ፈረስን እንደ መጓጓዣ ብቻ አይቶታል ማለት ይከብደኛል።

መስከረም ሲጠባ ፈረሱ ላይ ወጣሁ፤ መጀመሪያ ጀርባው ላይ በሚነጠፈው ጨርቅ፣ በግላስ ብቻ፣ ቆይቶ በኮርቻ። የአጎቴ እርካብ የድሮው ዓይነት ጠባብ ቀለበት ነው፤ የሚያዘው በባዶ እግር፣ በአውራ ጣትና በቀጣዩዋ ጣት መካከል ነው። ጫማ የለመደ እግር መከራውን ያያል። ጥቅሙ ግን እርካቡ ላይ ተደግፎ መቆም አለመቻሉ ነው፤ ሚዛንን በዳሌና በጭን መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ከባዱ የእጅ ነገር ነበር። ባህላዊው ልጓም የፈረሱን የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት አለው፤ ፈረሱ የሚመራበት ጠፍር፣ ዛቡ፣ በኃይል ከተሳበ ሥቃዩ ቀላል አይደለም። አጎቴ ዛቡን ከልጓሙ ጋር በአንዲት ቀጭን የጥጥ ክር አሰሩልኝ። ከሳብኩ ትበጠሳለች። ስለዚህ ማቆሚያ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ፤ እሱም ወገብን ማክበድና ትንፋሽን በረጅሙ መልቀቅ ሆኖ ተገኘ። ቦራ ትንፋሼን ሰምቶ ይቆማል። መዞርም እንዲሁ ነው፤ ወደምሄድበት ስመለከት ትከሻዬ ይዞራል፣ እሱም ይከተላል። ሶምሶማው ወገቤን ሲያፈርሰው ሰነበተ፤ ከእሱ የሚፈጥነው ደንገላሳ ግን ጀማሪዎች የሚፈሩትን ያህል ሳይሆን ቀረ።

ጥር 23 ጉግስ አልተፈቀደልኝም፤ መፈቀድም አልነበረበትም። ከአጎቴ ጓደኞች መካከል ሆኜ በሰልፉ ዳር ዳር በሶምሶማ ሄድኩ። ከጎናችን ጥይት ሲተኮስ የቦራ ጀርባ ከሥሬ ሲደነድን ተሰማኝ። ጋማው የሚያልቅባትን ያችን ቦታ አከክሁለት፣ ተነፈስኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ቆመ፤ ከዚያም መንገዱን ቀጠለ። አጎቴ ከሩቅ አይተው ምንም አላሉም።

አሁን ጓደኞቼ እንጦጦም ሆነ ሌላ ቦታ የኪራይ ፈረስ ላይ ለመውጣት ሲያስቡ ይጠይቁኛል። የምመክራቸው አንድ ነገር ነው፤ ሳትወጡ በፊት ኮርቻውን አስነሥታችሁ ጀርባውን እዩ። ዳማ ወይም ጥቁር ፈረስ ጀርባው ላይ ነጫጭ የጠጉር ነጠብጣብ ካለበት በአብዛኛው ኮርቻ አቁስሎት የዳነ ነው። ቁስሉ ገና እርጥብ ከሆነ ሒሳቡን ከፍላችሁ ሳትወጡ ተመለሱ። ባለቤቱ በብሩ ገብስ ይገዛለት ይሆናል፤ ባይገዛለትም ፈረሱ አንድ ሰዓት ያርፋል።