ያልጠቆረችው ክብ

አመሻሹን ድብርት ቢጤ ተጫጫነኝ። የአሜሪካ ምርጫ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ገንዘብና ማስታወቂያ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሐሳቤ ግን ወደ አላስካ፣ እ.ኤ.አ. ወደ 2010 ነጎደ።

ሊሳ ሙርካውስኪ የአላስካ ሴናተር ሆና ወንበሩ ላይ እያለች ነበር የፓርቲው ዕጩ በሚለይበት በኦገስቱ የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ በጆ ሚለር የተረታችው፤ ልዩነቱ 2,000 ድምፅ ገደማ ነው። ለኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ስሟ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሊታተም አልቻለም። “እንግዲያው ስሜን ራሳችሁ ጻፉት” ብላ ተነሳች።

ይህ አመራረጥ ሁለት ሥራ አለው። ከባዶው መስመር ጎን ያለችውን ሞላላ ክብ ማጥቆር፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ስሙን መጻፍ። መቁጠሪያ ማሽኑ የእጅ ጽሕፈት አያነብም፤ ክቧ ጠቁራ ካየ “የተጻፈ ስም አለ” ብሎ ይቆጥርና ማንነቱን ለሰው ይተወዋል። ክቧ ካልጠቆረች ግን ስሙ ምንም ያህል አምሮ ቢጻፍ ወረቀቱን ባዶ ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ ነው ቅስቀሳዋ ሁሉ ፊደል ማስቆጠርና ክብ ማስጠቆር የሆነው፤ ስሟ የተጻፈበት የጎማ አምባር ሳይቀር ታደለ። በምርጫ ጣቢያ ስማቸው በእጅ የሚጻፍላቸው ዕጩዎች ዝርዝር ለጠየቀ ይታይ ሲባል ደግሞ ከ150 በላይ ሰዎች እኛም ዕጩ ነን ብለው ተመዝግበው ዝርዝሩን አጨናነቁት። ይሄ መራጭን ማንገላታት ነው፤ ሌላ ስም የለኝም።

ቆጠራው የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ላይ በእጅ፣ በሁለቱም ወገን ታዛቢዎች ፊት ሆነ። ሕጉ ስሙ በዕጩነት ማመልከቻው ላይ እንዳለ ወይም የቤተሰብ ስሙ ብቻ ይጻፍ ይል ስለነበር፣ የሚለር ሰዎች አንዲት ፊደል የተዛነፈችበትን ሁሉ ተቃወሙ። ተቃውሞ የቀረበባቸው ሆነው ለእሷ የተቆጠሩት 8,159 ወረቀቶች ናቸው። እነሱ ቢወጡም ከ2,000 በላይ ትመራ ነበር፤ ሲጨመሩ ልዩነቱ ከ10,000 አለፈ። በዲሴምበር የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፊደል ስህተት የመራጩን ፍላጎት አይሽርም ብሎ ወሰነ። ከ1954ቱ የሳውዝ ካሮላይና ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ወዲህ፣ ከእሷ በፊት፣ በዚህ መንገድ አሸንፎ ሴኔት የገባ አልነበረም።

በዚህ ውሳኔ ከልቤ ደስ ይለኛል። መንገድ በማይደርስበት መንደር ያለች፣ ዩፒክ በተባለው የአላስካ ነባር ሕዝብ ቋንቋ እንጂ በእንግሊዝኛ አፏን ያልፈታች አሮጊት በስሙ መጨረሻ በ“አይ” (i) ፋንታ “ዋይ” (y) ብትጽፍ ማንን እንደፈለገች ማን ይጠፋዋል?

ግን ያው ፍርድ ቤት ክቧ ካልጠቆረች ድምፁ አይቆጠርም አለ፤ ሕጉ በግልጽ ያዛልና። እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ስሙን ሙሉውን አስተካክላ ጽፋ ክቧን የዘነጋችውስ፣ ፍላጎቷ ከዚያችኛዋ በምን ያንሳል? ማሽኑ ባዶ ያለውን ወረቀት ሁሉ በእጅ ማገላበጥ ይቻል ይሆን? ያኔስ ቆጠራው ስንት ሳምንት ይፈጃል፣ ተሸናፊውስ እስከዚያ ይታገሣል?