ፊርማው ለብቻው የወጣበት ፔሮል

የቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሲከፈለው ላላየ ሰው፣ አንድ የፊርማ ዓምድ ይህን ያህል ጣጣ ያመጣል ቢሉት አያምንም። አብዛኛው ሠራተኛ የባንክ ደብተር ስለሌለው ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነበር። ገንዘብ ያዧ ከቆርቆሮው ቢሮ መስኮት ጀርባ ትቀመጣለች፤ ካቦው ስም ይጠራል፤ ሠራተኛው ብሩን ቆጥሮ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ለመከፈሉ ያለው ማስረጃ ያ ወረቀት ብቻ ነው።

እኔ በወቅቱ በዋናው መሥሪያ ቤት የውስጥ ቁጥጥር ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከግንባታው ቦታ ስልክ ተደወለ። አንድ ግንበኛ «ቅዳሜ አልተከፈለኝም» ብሎ በር ላይ ቆሟል። ወረቀቱ ላይ ግን በእሱ ቦታ አሻራ ታትሟል። ነገሩን ያከረረው ደግሞ ሰውዬው መጻፍ የሚችል መሆኑ ነው፤ ሁልጊዜም የሚፈርመው ስሙን አሳምሮ ጽፎ ነው። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሰዎች ገንዘብ ያዧን በጎሪጥ ማየት ጀምረዋል።

ደርሼ ፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ ሳገላብጥ የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ላይ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሠራበት ቀን፣ የቀን ሒሳብ፣ ተቀናሽና የተጣራ ክፍያ በደንብ ሰፍረዋል። ፊርማ የሚባል ነገር ግን የለም። ቀጥለው ያሉት አራት ገጾች ባዶ ሣጥን የተሰመረባቸው ናቸው፤ ስም የላቸውም፤ ቁጥር የላቸውም፤ ከላይ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ «ፊርማ» የሚል ቃል አለ። ከ120 በላይ ሰው የፈረመው በእነዚህ ሣጥኖች ላይ ነው።

ፔሮሉን የሚያዘጋጀው ወጣት በዚያ ሳምንት «ቅድሚያ ክፍያ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨምሯል፤ የአያት ስም ይግባ ተብሎም የስሙን ዓምድ አስፍቷል። ኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሁሉም ጎን ለጎን ይታያል። ወረቀት ግን የቻለውን ይዞ የተረፈውን ወደ ሌላ ገጽ ይገፋል። ዝርዝሩ የተሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ኤክሴል፣ ደግሞ ካልታዘዘ በቀር መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ያትምና ነው ወደ ቀኝ የሚሻገረው፤ ስለዚህ የስሞቹ ገጾች በሙሉ ወጥተው ካለቁ በኋላ የፊርማዎቹ ተከተሉ። ልጁ ፕሪንተሩ በሰጠው ቅደም ተከተል መትቶ አሰራቸው።

ገንዘብ ያዧ ተጠራጥራ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ደስ አላለኝም» ስትለው «እትዬ፣ ረድፉ ያው ነው፤ ቢቆጠር ይገጥማል» አላት። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ሰው በተራው ቢገኝ ኖሮ ይገጥም ነበር። ግንበኛው ግን ስሙ ሲጠራ መሣሪያ ሊመልስ መጋዘን ሄዶ ነበር። ካቦው አለፈው፤ ቀጣዩ ሰው መጥቶ የመጀመሪያውን ክፍት ሣጥን አገኘና አውራ ጣቱን አተመበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ሣጥን ወደ ላይ ተንሸራተተ። በዚህ ምክንያት በወረቀቱ መሠረት ያልተከፈለው የዝርዝሩ የመጨረሻ ሰው ሆነ፤ እሱ ግን ብሩን ኪሱ ከትቶ ከሄደ ቆይቷል።

ሴትየዋን ያዳናት ቅዳሜ ማታ የሠራችው የካዝና ቆጠራ ነው። ትርፍ የተገኘውን ብር ለብቻው በፖስታ አሽጋ፣ ካቦውን አስፈርማ አስቀምጣ ነበር። ፖስታው ሲከፈት ከግንበኛው የተጣራ ክፍያ ጋር ሳንቲም ሳይጎድል ገጠመ። ተከፈለው። ሌላው ሠራተኛ ግን በአዲስ ወረቀት ላይ እንደገና መፈረም ነበረበት፤ «ሁለት ጊዜ ፈርሜ አንድ ጊዜ ብቻ?» እያለ የሚያጉረመርመው ብዙ ነበር።

የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ መፍትሔ ለማዘዝ አልዘገየም፦ «ሁሉም በአንድ ገጽ ይውጣ!» ወጣቱም ማተሚያው ላይ «ፊት ሺት ኦን ዋን ፔጅ» የሚለውን መረጠ። የወጣው ወረቀት ለጉድ ነበር። 120 ረድፍ በአንድ የኤ4 ወረቀት ላይ ለመጨቆን መጠኑ ከ30 በመቶ በታች ወርዶ፣ 11 የነበረው ፊደል ወደ 3 ደርሷል። እያንዳንዱ ረድፍ ከ2 ሚሊሜትር ያንሳል። በዚያ ላይ አውራ ጣት ይታተም ቢባል አንድ ሰው የአሥር ሰው ቦታ ይሸፍናል። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የማይጠቀሙበት ሰዎች ናቸው።

እኔና ልጁ አብረን ተቀመጥን። መጀመሪያ የወረቀቱን ዓይነት አየን፤ ኮምፒውተሩ ሌተር ለሚባለው የአሜሪካ ወረቀት ነው የተስተካከለው፤ ፕሪንተሩ ውስጥ ያለው ግን ኤ4 ነው። ወረቀቱ ወደ ጎን ሲተኛ ሌተር 279 ሚሊሜትር፣ ኤ4 ደግሞ 297 ሚሊሜትር ይረዝማል። ያንን ስናስተካክል ብቻ ወደ 2 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ቦታ አተረፍን። ቀጥሎ «ፔጅ ሌይአውት» ውስጥ ስፋቱን 1 ገጽ አድርገን ቁመቱን «አውቶማቲክ» ላይ ተውነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ስፋቱ ይጠበብ እንጂ ቁመቱን ማን አስጨነቀው? መጠኑ 85 በመቶ ላይ ቆመ፤ ያለምንም ችግር ይነበባል። የረድፉን ቁመት ወደ 30 ነጥብ (ኤክሴል ቁመት የሚለካበት መለኪያ ነው) ከፍ አደረግነው፤ ሲታተም ወደ 9 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ለጣት አሁንም ጠበብ ቢልም ያስኬዳል። «ፕሪንት ታይትልስ» በሚለውም የርዕሱ ረድፍ በየገጹ እንዲደገም አዘዝን።

ካቦዎቹ ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ገጽ ይጀምር አሉ። ገጹ የሚቆረጥበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ በእጅ ብናመለክትም ማተሚያው አልሰማንም። ለካስ ስፋትና ቁመት በገጽ ቁጥር ሲወሰን ኤክሴል በእጅ የተቆረጠውን ገጽ ችላ ይለዋል። ስለዚህ 85 በመቶዋን በቃላችን ይዘን፣ የገጽ ቁጥሩን ትእዛዝ ትተን መጠኑን በቀጥታ 85 ብለን ጻፍን፤ መቁረጫዎቹም ተከበሩ። ገጹ የት እንደሚያልቅ በሚያሳየው «ፔጅ ብሬክ ፕሪቪው» ላይ ሰማያዊዎቹ የገጽ ድንበር መስመሮች ከፊርማው ዓምድ በስተቀኝ መሆናቸውን ልጁ ራሱ አረጋገጠ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገንዘብ ያዧ ወረቀቱን ከመቀበሏ በፊት በየገጹ ስሙንና የፊርማውን ሣጥን በማስመሪያ እያገናኘች ተመለከተች። ሥራ አስኪያጁ አዲሱ ዓምድ ከመጨመሩ በፊት አራት ገጽ የነበረው ለምን ስምንት ሆነ ብሎ እስካሁን ስለ ወረቀት ወጪ ይከራከራል።