መስታወቱ ጉም ሲለብስ ኤሲውን አብሩት

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ በሌላው የፊት መስታወቱን በሶፍት የሚወለውል ሹፌር አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ኤሲውን አብራው ሲሉት «በዚህ ብርድ?» ይላል። ኤሲ ግን ሥራው ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ አየሩን ያደርቃል። ጉሙ ደግሞ የተሳፋሪዎቹ ትንፋሽና የረጠበ ልብሳቸው የለቀቁት እርጥበት ነው። በሶፍት ሲጠረግ መስታወቱ ላይ የቅባት መስመር ይቀራል እንጂ እርጥበቱ ከመኪናው አይወጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ኢቫፖሬተር የሚባል፣ ትንሽ ራዲያተር የሚመስል ክፍል አለ። ኤሲው ሲሠራ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። እርጥብ አየር ሲያልፍበት ውሃው እላዩ ላይ ይንጠባጠብና በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይወጣል። የቆመ መኪና ሥር የምታዩት ንጹሕ ውሃ ይሄው ነው፣ አትደንግጡ። የደረቀው አየር ከዚያ በኋላ በማሞቂያው በኩል ያልፋል። ስለዚህ ኤሲና ማሞቂያ አብረው ይሠራሉ፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋም።

ቪትዝና ኮሮላን በመሳሰሉት ሦስት ማዞሪያ ያላቸው መኪኖች አቅጣጫውን የፊት መስታወት ምስል ወዳለበት አዙሩ፤ ሙቀቱን ወደ ቀይ፣ ንፋሱን 3 ወይም 4 ላይ አድርጉና የኤሲውን ቁልፍ ተጫኑ። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው፦ መኪና ውስጥ የሚዞር ቀስት የተሳለበት ቁልፍ መጥፋት አለበት። እሱ ከበራ ያንኑ የተነፈሳችሁትን አየር መልሶ ያዞርላችኋል። መስታወቱ ሲጠራ ንፋሱን ወደ 2 መቀነስ ይቻላል። ሞተሩ ገና ካልሞቀ ሙቅ አየር አትጠብቁ፤ እስከዚያው ኤሲው ብቻውን ያደርቃል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የገቡ አንዳንድ መኪኖች ጭራሽ ማሞቂያ የላቸውም። ማዞሪያው ላይ ቀይ ቀለም ካጣችሁ ይህን ጠርጥሩ።

ዱባይ ወይም ጅዳ የሚነዳ ሰው የሚገጥመው ጉም ሌላ ነው። እዚያ ውጪው ሞቃትና እርጥብ፣ መስታወቱ ደግሞ በኤሲ የቀዘቀዘ ስለሆነ ጉሙ የሚይዘው በውጪ በኩል ነው። በጣታችሁ ከውስጥ ንኩት፤ ደረቅ ከሆነ ዋይፐሩን አሠሩ፣ ቀዝቃዛውን ንፋስ ከመስታወቱ ላይ አንሱ፣ ቅዝቃዜውንም ቀነስ አድርጉ።

የዚያ ቀስት ቁልፍ ጥቅም ቆላ ላይ ይታወቃል። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከውጪው እጅግ ይግላል። መጀመሪያ መስኮቶቹን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ንዱ፣ የጋለው አየር ይውጣ። ከዚያ ዝጉ፣ ኤሲውን አብሩ፣ ቀስቱንም ተጫኑ፤ ኤሲው የውጪውን ግለት ሳይሆን የቀዘቀዘውን አየር ደግሞ ስለሚያቀዘቅዝ ቶሎ ይበርዳል። ጭስ የሚተፋ የጭነት መኪና ከፊት ሲኖርም ቁልፉ ይጠቅማል። ለሰዓታት ግን አይተውም፣ አየሩ ይታፈንና ሹፌሩን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ የበሩ ጎማ ያረጀ መኪና ቀስቱ በርቶ አቧራ በስንጥቅ ሊስብ ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና የውጪ አየር ከፍቶ በመካከለኛ ንፋስ መንዳት ይሻላል፤ ከውስጥ የሚገፋው አየር አቧራውን ይመልሰዋል። ይህ የሚሆነው ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው የካቢን ፊልተር ንጹሕ ከሆነ ነው።

ፊልተሩ በብዙ ቶዮታዎች ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ነው። ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ ጨመቅ ስታደርጉት ወደ ታች ይወርዳል፤ ከኋላው ያለውን ክዳን ከፍታችሁ ፊልተሩን እንደ መሳቢያ ትስቡታላችሁ። አዲሱን ስታስገቡ ፊልተሩ ላይ የተሳለውን ቀስት አቅጣጫ ጠብቁ። ንፋሱ ደከመ ተብሎ የኤሲ ጋዝ ከሚሞላላቸው መኪኖች ስንቱ የፈለገው ይህን ብቻ ነበር!

ጋዝን ካነሣን፣ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ፈስሷል ማለት ነው፤ የሚፈስበትን ሳይፈልጉ በየዓመቱ ማስሞላት ገንዘብ መጣል ነው። አር 134ኤ የሚባለውን የኤሲ ጋዝ የሚጠቀም መኪና ላይ ሌላ ዓይነት ጋዝ አታስደባልቁ። ኤሲው ስትነዱ እየበረደ ስትቆሙ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ከጋዙ በፊት ከፊት ያለው ፋን መዞሩን እዩ።

ንፋሱ 4 ላይ ብቻ ከሠራ የንፋሱን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሬዚስተር ተቃጥሏል፣ የንፋሱን ሞተር አታስቀይሩ። ኤሲው ሲበራ የሻጋታ ሽታ ካለ ኢቫፖሬተሩ ረጥቦ እያደረ ነው፤ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን አጥፍታችሁ ንፋሱን ተዉት፣ ይደርቃል። የተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ ፈሳሹን በጣታችሁ ሞክሩት። ንጹሕ ውሃ ከሆነ መውጫ ቱቦው ተደፍኗል። የሚያጣብቅና ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ፣ መስታወቱም ላይ ቅባት መሳይ ጉም ካስቀረ፣ የማሞቂያው ራዲያተር ኩላንት (የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እያፈሰሰ ነው፤ ይህ ለነገ አይባልም።

የማሞቂያው ሌላ ጥቅም ዓባይ በረሃ ላይ ይታያል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ሙቀት ቀስት ከመሃል ካለፈ ኤሲውን አጥፉ፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ቀይ፣ ንፋሱን 4 አድርጉ፣ መስኮቶቹን ክፈቱ። ማሞቂያው የሚሞቀው በሞተሩ ውሃ ስለሆነ እንደ ተጨማሪ ራዲያተር ሙቀቱን ያወጣል። ላባችሁ ይፈስሳል፣ ሞተሩ ግን ሊተርፍ ይችላል። ቀስቱ መውጣቱን ካላቆመ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ። የሙቀት ቀስቱ ከፍ ብሎ እያለ ከማሞቂያው ድንገት ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ግን ውሃው አልቋል፤ ያኔ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትጨምሩ ሞተሩን አጥፉ።