የእማዬ በርበሬ

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ በማላውቀው ምክንያት ሆዴ ባባ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ መቀመጥ አስጠላኝና በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በእግሬ አቀናሁ። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለክቶ 142 በ92 ካየ ወዲህ «መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ወራት አኗኗርሽን እናስተካክል» ብሎኛል፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ አንዱ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች መራመዱ አልከበደኝም።

የከበደኝ ጨው መቀነሱ ነው። ዓሣ የምትጠብሰዋን ሴት ዳጣው ጨው እንዳለው ብጠይቃት «ያለ ጨው ምኑን ዳጣ ሆነ፣ እህቴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ዓሣውንም ረሳሁት።

ወጥ ስሠራ ጨው መጨመር ትቻለሁ። ነገር ግን እማዬ የምትልክልኝ በርበሬም ሆነ ሽሮ ጨው ገብቶበት የተፈጨ ነው። ዛላውን ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ቀንጥሳ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ደልዛ፣ እንደገና አድርቃ፣ ኮረሪማውን ጥቁር አዝሙዱን ስትቀላቅል አጠገቧ ቆሜ አድጌአለሁ። ጨው ላይ ስትደርስ መስፈሪያ አታነሳም፤ በእፍኟ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚፈቅደው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ያ ደግሞ የዳቦውንም የወጡንም ጨምሮ ነው።

ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ይጨምርና ግድግዳውን ይገፋል። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንችና ባቄላ ፖታሲየም ስላላቸው ኩላሊት ጨውን እንዲያስወጣ ያግዛሉ። አቮካዶ በሲዳማ ምድር ሞልቷል፤ እበላለሁ። ግን በላይ በላዩ ጨው እየገባ አቮካዶ ብቻውን ምን ያደርጋል?

እማዬ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «በርበሬው አላለቀም?» ብላ ነው። «የሚቀጥለውን ያለ ጨው አስፈጪልኝ» ማለት ቀላል ይመስላል። እርሷ ግን እጄን ጠላችው ብላ ታዝናለች፤ አውቃታለሁ። ቢሆንም እነግራታለሁ፤ ጨውን እኔው እዚህ ለክቼ ብጨምር ጣዕሙ አይጠፋም።

ይህን ሳሰላስል ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። ግፊት ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ይቀመጣል። እኔ ከቤት ከወጣሁ ቆየሁ፤ እርሷ ግን ከዚያው በርበሬ ዕድሜዋን ሙሉ በልታለች። ሁላችንን ሐኪም ቤት ስታመላልስ ኖራ፣ እርሷን ግፊቷን ያስለካት ሰው አለ?