ኮምቦልቻ ላይ በረካን ስጠብቅ

ከሐዋሳ ደሴ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መንገዱን አልተርክም፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ደሴ ግን አላስተኛችኝም። በ600 ብር የያዝኩት አልጋ ያለው አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነው፤ መስኮቱም አይገጥምም። የጦሳ ተራራ ብርድ እግሬን ይዞኝ አደረ። እኛ ሐዋሳ ብርድ የምንለው ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ነው።

ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ጠመዝማዛው ሲያልቅ አየሩ ሞቀ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ። ከመናኸሪያ እስከ ደረቅ ወደቡ ባጃጁ 150 ብር ተቀበለኝ። የአገሬው ሰው ስንት እንደሚከፍል በኋላ ስሰማ በጣም ተናደድኩ። እንግዳን በአነጋገሩ ለይቶ መግፈፍ ደስ አይልም።

የመጣሁት ስለ ድንበር ለመጠየቅ ነው። ድንበሩ ራሱ ከዚህ ሩቅ ነው። ግን ከጅቡቲ በድንበሩ ኬላ በጋላፊና በሚሌ የሚመጣው ተሳቢ እዚህ ይደርሳል። ባሕር ሊሻገሩ የሚወጡት የወሎ ልጆችም ወደዚያው አቅጣጫ ነው የሚወርዱት።

ሸራ የተወጠረበት ጀበና ቡና ጋ ስደርስ አንድ የተሳቢ ሾፌር «አብሽር፣ ቁጭ በል» ብሎ ዱካውን ለቀቀልኝ። ቡናዬንም እሱ ከፈለ። ከላስቲክ ውስጥ ወረቀቶቹን አውጥቶ አሳየኝ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ማኅተም በማኅተም ተደራርቦ ቁጥሩ አይነበብም።

«አንድ ኬላ ላይ ሲስተም የለም ተብለን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቆመናል። ረዳቴ ታሞብኝ ነበር» አለኝ።

በእኛ መስመር ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. ስለተመረቀው የጋራ ኬላ ነገርኩት። የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ አለበት። ሾፌር በሚገባበት አገር በኩል አንዴ ቆሞ የኢትዮጵያንም የኬንያንም ጉዳይ ይጨርሳል።

«ጋላፊም ይሥሩልና!» አለ። እውነቱን ነው።

ቡና የምታፈላው ልጅ ስልኳን ከስኒዎቹ ጎን ቻርጅ ላይ ሰክታዋለች። በጠራ ቁጥር እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ታነሳለች። ታናሽ ወንድሟ በባሕር ሄዷል። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከኦቦክ አንዴ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 19 ቀን ድምፁ የለም።

«በኬላ አይሄዱም እኮ» አለችኝ። «ደላላው በሌሊት፣ በበረሃ ነው የሚያሳልፋቸው።»

የአውሮፓ ኅብረትና ጀርመን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ ለፍልሰት አስተዳደር ገንዘብ ሲያወጡ ቆይተዋል፤ የድንበር ሠራተኞችም በዚሁ ሠልጥነዋል። የተባበሩት መንግሥታት የፍልሰት ድርጅት፣ አይኦኤም፣ ለብዙ አገሮች የሰጠው ሚዳስ የሚባል ሲስተም አለ፤ ፓስፖርት ያነባል፣ አሻራ ይወስዳል። ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን ማሽኑ የሚያየው በበሩ የመጣውን ብቻ ነው። የእሷ ወንድም ፓስፖርት እንኳ የለውም። ይኸው ድርጅት ኦቦክ ላይ የስደተኞች ማዕከል ከፍቷል፤ መመለስ የሚፈልገውንም ያግዛል። ለእኔ ከማሽኑ የሚበልጠው ይህ ነው። እንዲህ ያለ በር ልጁ ገና ኮምቦልቻ ሳለ ቢከፈትለት ኖሮ ብዬ አንጀቴ ተላወሰ።

ስልኩ ጠራ። እጇን ጠረገች። የከሰል ነጋዴው ነው።

ሾፌሩ ሊነሳ ሲል ቆመ። «እህቴ፣ ረቡዕ ጅቡቲ እገባለሁ። ኦቦክ የሚሄድ ሰው አላጣም። ፎቶውን ላኪልኝ» አላት።

ጀበናውን አስቀምጣ ፎቶ ስትፈልግ ቆየች። የላከችለት በትምህርት ቤት ዩኒፎርም የተነሳውን ነው። በረካውን ያን ቀን ማንም አልቀዳውም።